ቁልቁለቱን ጠይቂ

ወለላ በርሜል ላይ ሦስት ወረቀት ዘርግታ፣
አንዱን በብሎን፣ አንዱን በካንዴላ፣ ሦስተኛውን በክንዷ ገትታ፣
«አባዬ፣ ምረጥልኝ» አለችኝ፤ ማራኪ፣ ጋራዡ በር፣ ወደ ማታ።

አንዱ ደብረ ዘይት ነው፤ ቅርብ ነው፣ አጎት አለን፤
ሁለተኛው ናይሮቢ፤ በዶላር ነው የሚለን፤
ሦስተኛው ደቡብ አፍሪካ፣ ባሕር ዳር፣ የኛዋ አይደለችም፣ ሰማዩ ሁሌ ብራ፣
ነጭ ሸሚዝ ለባሾች፣ ትከሻቸው ላይ ወርቃማ መስመር፣ ሲስቁ በጋራ።

እኔ ምን አውቃለሁ? ከመተማ ጎንደር ሰሊጥ አመላለስኩ፣
ሊማሊሞን ወርጄ ሽሬ ድረስ ደረስኩ፤
ጥቅልል መንገዱን ስወርድ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣
በሞተር ነው የምይዛት፤ ፍሬን የጋለ ቀን የለም ወዴት መሸሽ።

ስለ አውሮፕላንም ቢሆን፣ ከአዘዞ ኤርፖርት አጥር ውጭ ቆሜ
ስንቱን ሲያርፍ አየሁ በዚህ ሁሉ ዕድሜ።
ሲነሳማ ማንም ይነሳል፤ ጩኸት ነው፣ አቧራ ነው፤
ሲወርድ ነው እንጂ ሰውየውን የማውቀው።

«ሥዕሉን እጠፊው» አልኳት፣ «ስልኩን አምጪው ወዲህ፤
ጋራዥ ሲዋሽ ይገባኛል፤ ሠላሳ ዓመት ሲዋሹኝ ኖሬያለሁ እዚህ።
ሽቅቡን ሁሉም ያወራል፤ ቁልቁለቱን ጠይቂ፤
ዋጋውን መጨረሻ፤ መጀመሪያ ሰው እወቂ።»

ደብረ ዘይት፣ አንዲት ሴት፣ ድምጿ የሬዲዮ ማር፤
«ስንት አውሮፕላን አላችሁ?» «ስድስት» አለች፣ ሳትደናገር።
«ስንቱ ይበራል?» ዝም። ማራገቢያ ሲዞር ይሰማ ነበር።
«አራቱ… ዕቃ ይጠብቃሉ።» ይህ ለኔ ይነገራል?
ለአንዲት የናፍጣ ፓምፕ ስንት ክረምት ያልፋል!

ደቡብ አፍሪካ ደወልን፤ ሰውየው ሲናገር ይስቃል፤
ገንዘቡን ቀድማችሁ ክፈሉ እንጂ በአሥር ወር ያልቃል፤
«እኛ ጋ ማንም አይወድቅም» አለ። ወለላ ተርጉማ ዝም አለች።
እዚያ ያልወደቀ ልጅ፣ ታዲያ የት ሊወድቅ ነው?
                                      እሷም ወደ ላይ አየች።

ናይሮቢ። መስመሩ ይቆራረጣል። ሥራ አስኪያጁ የለም።
ያነሳችው አስተማሪዋ ናት፣ ድምፀ ጎርናና፤ ለመዋሸት ጊዜ የላትም።
«ዝናብ ከሆነ አንበርም። ዓመት ተመንፈቅ ቢፈጅ አትገረሙ።
አምና ሁለት ልጆች መልሻለሁ፤ ወላጆቻቸው ይረግሙኛል፤ ይርገሙ።»
«ቁልቁለቱንስ?»
               «ሞተሩን እቀንስባታለሁ፣ ሳልነግራት፤
እጄን አጣጥፌ፣ ‹በይ፣ የት ታርፊያለሽ?› እላለሁ፤ እስክትመልስ አልረዳት።»
«ገንዘቡስ?» «በአንድ ጊዜ ለማንም አትስጡ፣ ለኔም ቢሆን፤
በየበረራው ክፈሉ። ደግሞም ከወረቀቱ ሌላ ያዙ፣ ለነዳጅ፣ ለፈተና የሚሆን።»

ስልኩ ተዘጋ። እኔና ወለላ ተያየን።
ቀድመህ አትክፈል የሚል ጋራዥ በየትኛው ከተማ አገኘን?

ደመርን፣ ቀነስን፤ አይሱዙዋ ትሄዳለች፤
እሷም ብትሆን የመጀመሪያውን ፈቃድ ብቻ ታደርሳለች፤
«ለሌላው ያኔ» እናቷ አለች።

እሑድ ማለዳ፣ ገዢው አዘዞ ቆሞ ይጠብቃል፤
መሪውን ለወለላ ሰጠኋት፤ ጎንደር ከኋላችን ይነቃል።
ቁልቁለቱ ሲጀምር እጄን አጣጠፍኩ፤
«ፍሬን የለሽም እንበል። የት ታቆሚያለሽ?» ብዬ ጠየቅኩ።
ባጃጆቹን ተወች፣ የድንጋዩን አጥር ተወች፣ ባሕር ዛፎቹን አለፈች፤
«ያቺ የታረሰችው ማሳ፣ ሽቅብ ናት» አለች፤ ማርሿን ወደ ሁለት አወረደች።
የባለማሳውን ነገር አላነሳሁም።

ገዢው ዞራት፣ ጎማዋን በእግሩ መታ፣ ወደ ሞተሩ አጎነበሰ፤
«ፍሬኗስ እንዴት ነው?» አለኝ፣ ግሪሱን ከእጁ እያበሰ።

«እሷን ጠይቃት» አልኩት።